ጋዲ ኪንዳ፦ አዲስ አበባ ተወልዶ ካንሳስ ሲቲ የተጫወተው ልጅ የማን ነበር?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከአየር ጤና ተነስቶ እስከ አጠና ተራ የሚሄድ ሰው ኳስ የሚያሳይ ቤት አያጣም። አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ጠባብ አዳራሽ ነው፤ የዕለቱ ጨዋታና ሰዓቱ በጠመኔ ተጽፎ በሩ ላይ ይንጠለጠላል። የእንግሊዝ ሊግ አለ፣ የስፔን አለ፣ የጣሊያን አለ። የአሜሪካ ሊግ ግን የለም። ሜሲ ማያሚ ከገባ ወዲህ ሮዝ ማሊያው ኮልፌም ደርሷል፣ ጨዋታው ግን አልደረሰም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካንሳስ ሲቲ ላይ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት የኮልፌ ሰው ወይ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ወይ ማኅሌት ቆሟል።

ስለዚህ ከ2020 እስከ 2023 ድረስ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያለው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አዲስ አበባ የተወለደ አንድ አማካይ በዚያ ሌሊት ኳስ ሲያከፋፍል የተወለደባት ከተማ አላየችውም።

ጋዲ ኪንዳ ይባላል። የተወለደው መጋቢት 14 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። ገና ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር እስራኤል ገባ። አሽዶድ በምትባለው የወደብ ከተማ አደገ፣ እዚያው በከተማዋ ክለብ ኳስን ሥራው አደረገ። ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። አሜሪካ ተሻግሮ ለስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ተጫወተ፣ ከዚያ ተመልሶ ማካቢ ሃይፋ ገባ። ሕክምና ላይ ቆይቶ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በ31 ዓመቱ አረፈ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ የእኛ ዜና አንድ ዝግጁ አጠራር አለው፦ "ትውልደ ኢትዮጵያዊ"። አጠራሩ ስህተት የለበትም። ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሰውዬው ለምን እዚህ እንዳላደገ አይናገርም። እስራኤል ውስጥ ምን ተብሎ እንደተጠራም አይናገርም። "ልጃችን" ለማለት ፈጣን ነን፤ ልጁ እንዴት ከቤት እንደወጣ ለመጠየቅ ግን እንዘገያለን።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኪንዳ የገባው በሌላ ዝርዝር ነው። እዚያ በእግር ኳስ ሜዳ ስም ያተረፉ አይሁዳውያንን መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ጋዜጣውም ይቆጥራል፣ ማኅበሩም ይቆጥራል፣ አባትም ለልጁ ይቆጥርለታል። ዝርዝሩ ረጅም አይደለም፣ ታሪኩ ግን ትልቅ ነው። የሚጀምረውም አሜሪካ ሳይሆን ቪየና ነው።

ቪየና ውስጥ በ1909 "ሃኮዋህ" የሚባል የአይሁዳውያን የስፖርት ክለብ ተመሠረተ። ቃሉ በዕብራይስጥ ብርታት ማለት ነው። አይሁዳዊ ደካማ ነው፣ ጉልበት የለውም የሚል ስድብ በየመንገዱ በሚሰማባት ከተማ ይህን ስም ማውጣት ራሱ መልስ ነበር። ክለቡ በ1923 ለንደን ሄዶ ዌስትሃምን 5 ለ 0 አሸነፈ። በ1925 የኦስትሪያ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካን ሲጎበኝ ኒውዮርክ ፖሎ ግራውንድስ ላይ 46 ሺህ ሰው ወጣለት። አሜሪካ ውስጥ ለእግር ኳስ ያን ያህል ሰው ለመሰብሰብ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ወስዷል።

ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ኒውዮርክን ካዩ በኋላ ቪየና አልበቃቻቸውም። ዶላሩም ይስባል፣ የጥላቻው መቅለልም ይስባል። እዚያው ቀርተው በያኔው የአሜሪካ ሊግ ተጫወቱ፤ ኒውዮርክ ሃኮዋህ የሚባል ቡድን ተመሥርቶ በ1929 የአገሪቱን ዋንጫ እስከማንሳት ደረሰ። ከእነሱ አንዱ ሃንጋሪያዊው ቤላ ጉትማን ነበር። የቆየ የኳስ ሰው ጉትማንን የሚያውቀው በሌላ ነው፤ ወደ አውሮፓ ተመልሶ፣ ከናዚ እልቂት ተርፎ፣ በ1961 እና በ1962 ቤኔፊካን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው አሰልጣኝ ነው። ቪየና የቀረው ክለብ በ1938 በናዚዎች ተዘጋ። በማጎሪያ ካምፕ የተገደሉ ተጫዋቾችም አሉት።

ከዚያ ዝርዝሩ ይቀጥላል። በ1970ዎቹ በኮስሞስ ክለብ ከፔሌ ጋር የተጫወተው በረኛ ሼፕ ሜሲንግ አለ። በዚያው ክለብ ያለፈው ሞርደካይ ሽፒግለርም አለ፤ በ1970ው የዓለም ዋንጫ እስራኤል ያገባቻትን ብቸኛ ጎል ስዊድን ላይ ያስቆጠረው እሱ ነው። ቀረብ ሲል ደግሞ ቤኒ ፋይልሃበር ይመጣል። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ በ2007 የጎልድ ካፕ ፍጻሜ ሜክሲኮን ያሸነፈችውን ጎል ያገባ፣ በ2013 ከስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ጋር የሊጉን ዋንጫ ያነሳ አማካይ ነው። አያቱ ብራዚል የገቡት ከኦስትሪያ ናዚዎችን ሸሽተው ነው። የቪየናው ታሪክ በልጅ ልጅ በኩል ካንሳስ ደረሰ ማለት ነው። ከፋይልሃበር በኋላ እዚያው ክለብ፣ እዚያው የሜዳው መሐል ላይ ጋዲ ኪንዳ መጣ።

ዝርዝሩን ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው የጎል ቁጥር ሳይሆን የመንገድ ካርታ ነው። ከስሞቹ ብዙዎቹ ኋላ የተተወ አገር አላቸው። ቪየና ስለተወችው ሰው ዛሬ ትጠየቃለች፤ መጽሐፍ ይጻፍባታል፣ ሐውልት ይቆማል። ከኪንዳ ስም ኋላ ያለችው አገር ደግሞ ኢትዮጵያ ናት።

እዚህ ላይ ወደ ቀራንዮ እንመለስ። የክፍለ ከተማው ስም የመጣው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ነው፤ ቀራንዮ ደግሞ ኢየሩሳሌም ውስጥ ጌታ የተሰቀለበት ኮረብታ ነው። ኢየሩሳሌምን ወደ አገሩ ማምጣት የኢትዮጵያ የቆየ ፍላጎት ነው። ላሊበላ ወንዙን ዮርዳኖስ ብሎታል። ነገሥታቱ ከይሁዳ ነገድ ነን፣ የሰሎሞን ዘር ነን ይሉ ነበር። ይህ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሡ ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ እንደሚመዘዝ በአንቀጽ ደንግጎታል። ለዘውድ ሲሆን የእስራኤል ዘር መሆን ክብር ነበር።

ለገበሬ ሲሆን ግን አልነበረም። በሰሜን ተራሮች፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በወልቃይትና በትግራይ ኦሪትን ይዘው የኖሩት፣ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል የሚሉት ሰዎች ከርስት ተነቅለው ነው የኖሩት። ታሪኩ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ዘመን ይጀምራል ይባላል፤ የተጠመቀ ርስቱን እንዲይዝ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ እንዲሆን ተፈረደ። "ፈላሻ" የሚለው፣ እነሱ እንደ ስድብ የሚቆጥሩት ስምም ከፈለሰ ነው የመጣው፤ አገር አልባ ማለት ነው። በሰሜን የነበራቸው የራሳቸው አገዛዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአፄ ሱስንዮስ ጦር ፈረሰ። መሬት የሌለው ሰው የሚኖረው በእጁ ነው። ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሠሩ፣ የጎንደርን ግንብ ከገነቡት እጆች መካከልም ነበሩ። ገበሬው ማረሻውን የሚገዛው ከእነሱ ነው፤ ማታ ደግሞ ቡዳ ናቸው ይላል፣ ልጁ ሲታመም በእነሱ ያሳብባል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሄዶ የሸክላ ምስል የገዛ ቱሪስት ሁሉ ይህን አይነገረውም። መንደሯ ውስጥ ዛሬ ሸክላው አለ፣ ምልክት ሰሌዳው አለ፣ ሰዎቹ የሉም።

በእርግጥ ሁሉን መሄድ በመገፋት ብቻ ማስረዳት ስህተት ነው። ለኢየሩሳሌም የነበራቸው ናፍቆት ከልብ የመነጨ ነበር፤ በየዓመቱ በስግድ በዓል ተራራ ወጥተው ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ይጸልዩ ነበር። ረሃቡ ነበረ፣ ጦርነቱ ነበረ፣ የደርግ ብሔራዊ ውትድርና ነበረ። ለመውጣት የፈለገው ደግሞ የጎንደር ቤተ እስራኤል ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ከአገር መውጣት ያልተመኘ ወጣት ጥቂት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሌላው ሲወጣ "ተሰደደ" ተባለ፣ እነሱ ሲወጡ "ወደ አገራቸው ሄዱ" ተባለ። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የኖረ ሰው ከየት ወደ የት ነው ወደ አገሩ የሚሄደው?

እስራኤልም ቢሆን በሯን ቶሎ አልከፈተችም። በመጋቢት 1953 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እስራኤል ሄዶ ሁለት ጨዋታ አድርጎ፣ 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸንፎ ተመልሷል። የጃንሆይ ተጫዋቾች በክብር ገብተው ወጡ። በዚያው ወር ከጥቂት ተማሪዎች በቀር የወለቃና የአምቦበር ቤተ እስራኤል በእስራኤል ሕግ ፊት አይሁዳዊ አልነበረም፤ እውቅናው የመጣው በ1973 ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ከወሰኑ በኋላ፣ መንግሥትም በ1975 የመመለሻ ሕጉ እነሱንም ያካትታል ካለ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ ሰው ተወሰደ። ሱዳን ለመድረስ በእግር ሲጓዙና በካምፕ ሲጠብቁ ያለቁት 4 ሺህ ያህል ናቸው። ቀጥሎ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. መጣ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሸሸ ሦስት ቀኑ ነው፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። በ36 ሰዓት ውስጥ ከቦሌ 14,325 ሰው ተጫነ። ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ በአንዱ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ገብቷል። ለደርግ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። በኢትዮጵያ ታሪክ ስለ ግንቦት 20 የተጻፈው ብዙ ነው፤ ከአራት ቀን በፊት ከዋና ከተማዋ አንድ ሕዝብ ስለመውጣቱ የተጻፈው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ሁሉም አልተጫነም። በየዘመኑ ክርስትና ከተነሱ ቤተሰቦች የተወለዱት፣ ፈላሽ ሙራ የሚባሉት፣ በሺዎች አዲስ አበባ ላይ ቀሩ። ቤታቸውን ሸጠው፣ ከብታቸውን በትነው የመጡ ናቸው፤ ወደ ኋላ የሚመለሱበት የለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሕዝብ ነበረባት፤ በኪራይ ቤት ተጠጋግቶ፣ ሻንጣ እንዳሰረ የሚጠብቅ። ጋዲ ኪንዳ የተወለደው በዚያ ዘመን፣ ከሰሎሞን ዘመቻ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ከተማዋ ራሷም ለቤተ እስራኤል እንግዳ አይደለችም። በ1923 ዣክ ፋይትሎቪች አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ታምራት አማኑኤል ይመሩት ነበር። የጣሊያን ወረራ ዘጋው። ታምራት ከድል በኋላ ኢትዮጵያን ወክለው በፓሪስ በዲፕሎማትነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። የአገር ባለውለታን ከሃይማኖቱ ጋር ሳያጋጩ መጥራት ይቻል እንደነበር የእሳቸው ሕይወት ያሳያል፤ ግን አርአያ ሳይሆን ልዩ አጋጣሚ ሆኖ ቀረ።

እስራኤል ሲገቡስ? መጀመሪያ የተነካው ስም ነው። እዚህ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ከተፈለገ የአያት። እዚያ ግን ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ብዙዎቹ የአያታቸውን ስም ሰጡ። የራሳቸው ስም ደግሞ በዕብራይስጥ ተቀየረ፤ አስተማሪ ወይም ጸሐፊ ባወጣላቸው ስም ያደጉ ልጆች አሉ። ዛሬ በእስራኤል ማሊያ ጀርባ ላይ የሚነበቡት ስሞች እንዲህ የመጡ ናቸው። በኪንዳ ዘመን የነበረ የእኛ ሰው ባሩክ ደጉን ሲያነብ "ደጉ" የሚለው ቃል ወደ ጆሮው ሳይታጠፍ ይገባል።

ባሩክ ደጉ ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ እንደ ኪንዳ ከአሽዶድ ተነስቶ ማካቢ ቴል አቪቭ የደረሰ ነው። በ2004–05 ቡድኑ በሻምፒዮንስ ሊግ ከባየርን ሙኒክ፣ ከጁቬንቱስና ከአያክስ ጋር በአንድ ምድብ ሲጫወት እሱ ነበረበት። ያን ዘመን ኮልፌም ሻምፒዮንስ ሊግ ታይ ነበር። ስንቱ ተመልካች ያ ጥቁር አማካይ አማርኛ የሚናገር ቤተሰብ ልጅ መሆኑን ያውቅ ነበር? ኔታኒያ የተወለደው ኤሊ ዳሳ ደግሞ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች ተገኝቶ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኗል።

ይህን ብቻ የሚያነብ ሰው ነገሩ ሁሉ የተሳካ ይመስለዋል። አይደለም። በ1996 የኢትዮጵያ አይሁዳውያን የለገሱት ደም በምስጢር ይደፋ እንደነበር ሲሰማ በሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጡ። በ2015 የደንብ ልብስ የለበሰ የእስራኤል ወታደር፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ፣ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ቴል አቪቭ ነደደች። በ2019 ሰኔ መጨረሻ ሰለሞን ተካ የተባለ ወጣት ሥራ ላይ ባልነበረ ፖሊስ ጥይት ሃይፋ አጠገብ ሲሞት መንገዶች ተዘጉ። ጎንደር ላይ "ፈላሻ" የተባለው ሰው ቴል አቪቭ ላይ "ኩሺ" ተባለ። ኪንዳ በዚያው በ2019 ከአሽዶድ በውሰት ለቤይታር ኢየሩሳሌም ይጫወት ነበር፤ አንድ ክፍል ደጋፊዎቹ በዘረኝነታቸው የታወቁበት ክለብ ነው። በዚያ ዓመት የመጣ ክርስቲያን ኒጀራዊ ተጫዋች ስሙ "መሐመድ" ስለሆነ ብቻ ስም ይቀይር ብለው የጠየቁ ደጋፊዎች ናቸው። እስራኤል ውስጥ ስለ ስም የሚነሳ ጥያቄ በፎርም ላይ አላለቀም።

ከዚያ ካንሳስ ሲቲ። እዚህ ላይ የሚደንቅ አጋጣሚ አለ። ኪንዳ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የ2019 ውድድር ዓመት በዚያው ክለብ ሌላ የኢትዮጵያ ልጅ ነበር፦ ጌድዮን ዘላለም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር አሜሪካ ገብቶ፣ በአርሰን ቬንገር እጅ አርሰናል ያደገው አማካይ። ለጀርመንም፣ ለኢትዮጵያም፣ ለአሜሪካም መጫወት ይችላል ተብሎ ብዙ ተጽፎበት በ2015 ለአሜሪካ ተፈቀደለት። በ2020 መጀመሪያ ዘላለም ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ ኪንዳ ካንሳስ ገባ። ሁለት አማካዮች፣ ሁለቱም ወላጆቻቸው ከዚህ አገር የወጡ፣ አንዱ በሌላው እግር ተተክቶ። አንዱ በ"ኢትዮ-አሜሪካዊ" ዓምድ ተጻፈ፣ አንዱ በ"እስራኤላዊ" ዓምድ። እዚህ ግን የዘላለም ስም በየሬዲዮ ፕሮግራሙ ሲነሳ ኖሯል፣ ስለ ዋልያዎቹ ተለምኗል፣ ተወቅሷልም። ኪንዳን ና ያለው ሰው አልተሰማም።

የካንሳስ ዘመኑ ሲጀምር ኮቪድ መጣ፤ ሊጉ በሁለት ጨዋታ ተቋረጠ። ሲመለስ ቡድኑ በፒተር ቨርመስ አሰልጣኝነት የ2020ን መደበኛ ውድድር የምዕራቡ ምድብ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ኪንዳ በዚያ ቡድን ከአጥቂዎቹ ኋላ የሚሮጥ፣ ከሳጥን ውጭ የሚመታ፣ ኳስ ይዞ የሚዞር ተጫዋች ነበር። ከዚያ ጉልበቱ። 2022ን ሙሉ በጉዳት ሜዳ ሳይገባ አሳለፈ። በ2023 ተመለሰ፣ ቡድኑም በጥሎ ማለፉ የምድቡን አንደኛ ሴንት ሉዊስን አስወጣ።

ሰው "ታዲያ ለኢትዮጵያ ይጫወት ነበር ወይ?" ሊል ይችላል። አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም ሕጉ አለ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል፤ ቢጫ ካርድ ግን ያለ ቪዛ ያስገባል እንጂ ማሊያ አያለብስም። ድሬዳዋ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው፣ በ15 ዓመቱ በኤፍሲ ዳላስ የተመረጠው ፉአድ ኢብራሂም በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ከዋልያዎቹ ጋር መሆኑ ሲነሳ ያኔ የነበረው ደስታ ይታወሳል። ከ31 ዓመት በኋላ የተገኘ መድረክ ነበር። ብዙዎች ግን ጥምር ዜግነት ባለመኖሩ ከደጅ ቀርተዋል። ጥምር ዜግነት ይፈቀድ ሲባል ደግሞ ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ዳያስፖራው ገንዘብና ስለ ምርጫ ድምፅ ነው። ከዚህ የሄዱ 170 ሺህ ገደማ የቤተ እስራኤል ልጆችና የልጅ ልጆች በዚያ ክርክር ውስጥ ስማቸው ሲነሳ አይሰማም። ዳያስፖራ ሲባል ዋሽንግተንን እንጂ አሽዶድን የሚያስብ የለም።

እንዲህ ያለ ጠባብነት ሁልጊዜ አልነበረም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ የተወለደው አስመራ። ወንድሙ ኢታሎም በዚያ ፍጻሜ ጎል አግብቷል። ወረራው ካበቃ ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ጃንሆይ ዋንጫውን ሲሰጡ የአባትህ አገር የት ነው ያለው አልነበረም። ያ ቡድን እስከ ዛሬ ያለን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ቫሳሎ በኋላ በደርግ ዘመን ሸሽቶ ጣሊያን ገባ፣ እዚያው በ2022 አረፈ። ለእሱም "ልጃችን" የተባለው በብዛት ከሞተ በኋላ ነው።

ኪንዳ ከካንሳስ ተመልሶ የገባበት ማካቢ ሃይፋ በ2023–24 ያሰለጠነው መሳይ ደጉ ነበር፤ እሱም የቤተ እስራኤል ልጅ። ሃይፋ ላይ ብዙ አልተጫወተም፤ ሕመሙ ቀደመው። ያረፈው የሰሎሞን ዘመቻ 34ኛ ዓመት ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ካንሳስ ሲቲም ሃይፋም አሽዶድም አዘኑለት።

ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ እስራኤል የሚወስዳቸውን ፈቃድ ይጠብቃሉ። ሃያ ዓመት የጠበቁ አሉ። ጥበቃው ላይ የተወለዱ፣ ጥበቃው ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች አሏቸው። ወረቀቱ የመጣለት ልጅ እዚያ ሲደርስ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቀዋል። ያልመጣለት በቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ይዞ፣ ማታ ማታ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታል።